የተዘጋው ሕጋዊው በር ነው፦ በአሜሪካ ዜግነት ላገኘን ኢትዮጵያውያን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሌሎችም ግዛቶች ለምትኖሩ፣ ቀኝ እጃችሁን አንሥታችሁ ለዚህ አገር ሕገ መንግሥት ለማላችሁ ወገኖቼ በሙሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ከዚህ በታች ቀኖቹን የምጽፈው በምንኖርበት አገር አቆጣጠር ነው፤ በዚያ ዘንድሮ 2025 ነው።

ባለፈው ሰኞ፣ ሜይ 12፣ እኔ በምሠራበት፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው በዳለስ አየር ማረፊያ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ አንድ ልዩ አውሮፕላን አረፈ። የጫነው ከ50 በላይ ነጭ ደቡብ አፍሪካውያንን፣ አፍሪካነር የሚባሉትን ነው። ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ክሪስቶፈር ላንዳው ራሳቸው ወጥተው ተቀበሏቸው። ያን ቀን ፈረቃ ነበረኝ፤ አቀባበሉ ግን ተራው መንገደኛ በሚያልፍበት ስላልነበረ ያየሁት እንደ እናንተው ማታ ቤቴ ገብቼ በቴሌቪዥን ነው። ልጆቹ ትንንሽ የአሜሪካ ባንዲራ ይዘዋል። ድካምም ደስታም ፊታቸው ላይ ይታያል።

በእነዚያ ልጆች ላይ ቅሬታ የለኝም። እንኳን ደህና መጡ እላለሁ፤ ከልቤ ነው። እኔም በ1984 የ21 ዓመት ጎረምሳ ሆኜ ከካርቱም ተነሥቼ ኒው ዮርክ ስወርድ የያዝኩት «አይ.ሲ.ኤም» የሚል የስደተኞችን ጉዞ የሚያመቻቸው ድርጅት ስም የታተመበት ነጭ ፌስታል ብቻ ነበር። ውስጡ የሳንባዬ ራጅ፣ ፎቶዬ የተለጠፈበት ወረቀት፣ ለአውሮፕላን ትኬት የተበደርኩትን ገንዘብ ሠርቼ እንደምመልስ የፈረምኩበት ሰነድ ነበር። ዕዳውን ምግብ ቤት ዕቃ እያጠብኩ በየወሩ ከፍዬ ጨርሻለሁ። የተቀበለችኝ አንዲት ባልቴት የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበረች፤ ዲሴምበር ነበርና መጀመሪያ የወሰደችኝ ኮት ወደሚሸጥበት ሱቅ ነው። ስደተኛ ተብሎ አውሮፕላን ላይ የወጣን ሰው፣ ከየትም ይምጣ፣ በክፉ ዓይን ማየት አይሆንልኝም።

እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ ካኩማ ናት፤ ኬንያ ውስጥ፣ ቱርካና በረሃ ላይ ያለው ካምፕ። በ1992 ከሱዳን ጦርነት ያመለጡ ሕፃናት ተሰብስበው የተከፈተ ነው፤ ዛሬ ሶማሌውም፣ ኮንጎውም፣ ብሩንዲውም፣ የእኛም ሰው አለበት። እዚያ ከገባች 11 ዓመቷ ነው። ሁለቱን ልጆቿን የወለደችው እዚያው ነው። ፋይሏ ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ለአሜሪካ ከተላለፈ እንኳ ስድስት ዓመት አልፎታል። አሻራ ሰጠች፤ ቃለ መጠይቅ ቀረበች፤ ደግማ ቀረበች። የጸጥታ ማጣሪያው አለፈላት፣ የጤና ምርመራው አለፈላት፣ አሜሪካ ስትገቡ ኑሮው እንዲህ ነው የሚባለውን የጥቂት ቀን ትምህርት ጨረሰች። የበረራ ቀኗ ፌብሩዋሪ ውስጥ ተቆረጠ። ድስቷንና ፍራሿን ለጎረቤት አከፋፈለች። ለልጆቿ ጫማ ገዛች። ጃንዋሪ ሊያልቅ ሲል ተደወለላትና በረራው መሰረዙ ተነገራት። ፍራሹን ለመጠየቅ አፍራ ሦስት ሌሊት ምንጣፍ ላይ ተኛች።

ሰው ብዙም የማያስበው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወረቀቷ ባለበት ቆሞ አይጠብቃትም። የጤና ምርመራው በወራት ውስጥ ያረጃል፤ የጸጥታ ማጣሪያውም የራሱ ቀን አለው፤ አንዱ ሲያረጅ ሌላውን ይዞት ይወድቃል። በሩ ነገ ቢከፈት ብዙውን ነገር እንደገና «ሀ» ብላ መጀመሯ ነው።

ጃንዋሪ 20 የዋለው በቃና ዘገሊላ ነበር። ከጥምቀቱ የለበስነውን ነጠላ ገና አላጠፍነውም። ብርዱ ስለበረታ የፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ቃለ መሐላ ካፒቶል ሕንፃ ውስጥ ተደረገ። በዚያው ቀን ከፈረሟቸው ትእዛዞች አንዱ የስደተኞችን ቅበላ አቆመ፤ አንዱ ለውጭ አገር የሚሰጠውን የልማት እርዳታ ለ90 ቀን አገደ፤ አንዱ እዚህ አገር የሚወለደውን ልጅ ዜግነት ነካ። እስከ ኤፕሪል መጨረሻ፣ በ100 ቀን ውስጥ፣ ከ140 በላይ ትእዛዝ ፈርመዋል። የ100 ቀኑን መለኪያ በ1933 ያስለመዱት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እንኳ ይህን ያህል አልፈረሙም።

እኛም ከዚያ ቀን ወዲህ በየቡናው፣ በየለቅሶው፣ በየታክሲ ማቆሚያው ስንከራከር ከረምን። ክርክራችን ግን አብዛኛው ስለ ሰውዬው ነው። አንዱ ኦክቶበር 2020ን ያነሣል፤ ፕሬዚዳንቱ ከሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትር ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ግብፆች «ያንን ግድብ ያፈነዱታል» ያሉበትን ቀን። ከዚያ ቀደም ብሎ በግድቡ ሰበብ እርዳታ መያዛቸውንም አይረሳም። ሌላው ባይደንን ያነሣል፤ የሴፕቴምበር 2021ን የማዕቀብ ትእዛዝ፣ ከ2022 መባቻ ጀምሮ ከአጎዋ፣ ሸቀጥ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ መሰረዛችንን። በዚያ ቁጣ በ2021ዱ የቨርጂኒያ ምርጫ ከመካከላችን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን የቀሰቀሱ እንደነበሩ አትዘነጉም። ስለ ሃይማኖቱና ስለ ልጆቹ አስተዳደግ ብሎ የመረጠ አለ። ድንበሩ ሥርዓት ይያዝ ብሎ የመረጠም አለ፤ በደቡብ ድንበር የሚሻገረው ሰው ቁጥር ባለፉት ወራት እጅግ መቀነሱም እውነት ነው። ማንንም በሰጠው ድምፅ አልወቅስም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንድ አባባል ነው። በሁሉም ወገን እሰማዋለሁ፤ ትራምፕን ከሚወደውም ከሚጠላውም። ባለፈው ወር ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ ሱዳን ሳለን ገዳሪፍ ውስጥ ከአንድ ሳህን የበላሁት፣ እንደ ወንድሜ የማየው ሰው አጠገቤ ሆኖ አለው፦ «ምን አገባን? እኛ እኮ በሕጋዊ መንገድ ነው የመጣነው።» ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መልሴን አሁን እጽፋለሁ።

ወንድሜ፣ አንተም እኔም የገባነው ፕሬዚዳንት ካርተር ማርች 17 ቀን 1980 በፈረሙት የስደተኞች ሕግ ነው። ያ ሕግ ባይወጣ ኖሮ ገዳሪፍ ላይ እንቀር ነበር። ያቺ ካኩማ ያለችው ልጅ 11 ዓመት የተሰለፈችው በዚያው ሕግ ነው። ድንበር አልዘለለችም። ያለ ቪዛ አልተሳፈረችም። ጠብቂ ሲሏት ጠበቀች፤ ተመርመሪ ሲሏት ተመረመረች። ከእሷ የበለጠ በሕጋዊ መንገድ የመጣ ሰው ካለ አሳየኝ። ባለፈው የበጀት ዓመት በዚህ መንገድ የገባው ሰው 100,000 ያህል ነበር፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከፍተኛው። ያ ሁሉ በአንድ ፊርማ ቆመ። ጃንዋሪ 20 መጀመሪያ የተዘጋው ከበር ሁሉ ሕጋዊው በር ነው፤ አንተና እኔ የገባንበት።

ዲቪ ነው ያመጣን የምትሉም አላችሁ። ዲቪ በ1990 ከወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የተገኘ ዕድል ነው፤ ስንቱን ቤት እንዳቆመ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በ2017 ኒው ዮርክ ላይ አንድ ነፍሰ ገዳይ በጭነት መኪና ሰው ከጨፈጨፈ በኋላ እኚሁ ፕሬዚዳንት ዲቪ እንዲቀር ኮንግረስን ጠየቁ፤ ሰውዬው በዲቪ የገባ ስለነበረ። በ2020 በኮሮና ሰበብ በወጣው ትእዛዝ ደግሞ ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ቪዛቸውን ለማግኘት ፍርድ ቤት መሄድ ነበረባቸው፤ ከከሳሾቹ መካከል የእኛም አገር ሰዎች ነበሩ። በሕግ መጣሁ ማለት ያኔም አላዳናቸውም። ያዳናቸው መክሰሳቸው ነው።

አሁንም የከሰሱ አሉ። ሲያትል ያሉት የፌዴራል ዳኛ ጀማል ዋይትሄድ ፌብሩዋሪ ላይ እገዳው እንዲነሣ ወሰኑ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጠበበው። በዚህ ወር በ5ኛው ቀን ዳኛው ጉዟቸው ተቆርጦ የነበሩ 12,000 ያህል ሰዎች እንዲገቡ አዘዙ፤ ክርክሩ ግን እስካሁን አላባራም። የእህቴ ልጅ በየማለዳው «ጋሼ፣ ዳኛው ምን አሉ?» ብላ የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። በረሃ ላይ ሆና የዳኛውን ስም በቃሏ ይዛዋለች።

አፍሪካነሮቹ በስደተኝነት እንዲገቡ ያዘዘው ትእዛዝ የተፈረመው ፌብሩዋሪ 7 ነው። ከፌብሩዋሪ 7 እስከ ሜይ 12 ሦስት ወር ከአምስት ቀን ይሆናል። ሁልጊዜ «ማጣራቱ ጊዜ ይወስዳል» ሲባል አምነን ኖረናል። ለአንዱ 11 ዓመት፣ ለሌላው ሦስት ወር የሚወስድ ማጣራት ካለ፣ ጊዜውን የሚወስደው ማጣራቱ አይደለም። ይህን ስል ልቤ ይደማል። በዚያችው ሰኞ የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን፣ ለአሥርተ ዓመታት ከመንግሥት ጋር ስደተኛ ሲያቋቁም የኖረ፣ ሌላው ተከልክሎ አንዱ የሚመረጥበትን ሥራ አልሠራም ብሎ ስምምነቱን እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። ከዚያ በፊት በኤፕሪል የካቶሊክ ጳጳሳቱ ጉባኤ ውሉን እንደማያድስ አሳውቆ ነበር፤ ገንዘቡ ተቋርጦበት። እኛን የተቀበሉን እነዚህ ናቸው። ኮት የገዙልን፣ አውቶቡስ መሳፈር ያስተማሩን፣ «የመጀመሪያው ወር ኪራይ ተከፍሏል፣ አታስብ» ያሉን እነዚህ ናቸው። ቢሯቸው ሲዘጋ ከእኛ ወገን አንድ ሰው ሄዶ «አይዟችሁ» አላለም።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ፤ ከሁሉ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ከእኔ ጋር የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። ለትምህርት መጥታ አገሯ መመለስ ስላልቻለች አሳይለም፣ ጥገኝነት ማለት ነው፣ ጠይቃለች፤ ባሏም እንደዚሁ። ኬዛቸው አራት ዓመት ሆኖታል። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ጋሼ፣ ልጄ የየት አገር ሰው ነው የሚሆነው?» አለችኝ። በ41 ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መልሱ ያለቀለት ነበርና።

መልሱ ያለቀው በ1868 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት ዓመት። በዚያ ዓመት የጸደቀው 14ኛው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ እዚህ የተወለደና በአገሪቱ ሕግ ሥር ያለ ሁሉ ዜጋ ነው አለ። የተጻፈው ለጥቁር ሰው ነው። ከዚያ 11 ዓመት በፊት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁር ሰው ዜጋ መሆን አይችልም ብሎ ፈርዶ ነበርና ያንን ለመሻር ነው። በ1898 ደግሞ፣ ከዓድዋ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደው የቻይናውያን ልጅ ዎንግ ኪም አርክ ተከራክሮ ረታ፤ ወላጆቹ ዜጋ መሆን የማይፈቀድላቸው ቢሆኑም እሱ ዜጋ ነው ተባለ። የእኛ ልጆች ፓስፖርት የቆመው በባሪያ ልጆችና በአንድ ቻይናዊ ምግብ አብሳይ ድካም ላይ ነው። ይህን ለልጆቻችን ነግረናቸው እናውቃለን?

የጃንዋሪ 20ው ትእዛዝ፣ እናቱ ያለ ወረቀት ወይም በጊዜያዊ ፈቃድ ያለች፣ አባቱም ዜጋ ወይም ባለ ግሪን ካርድ ያልሆነ ልጅ ከፌብሩዋሪ 19 በኋላ ቢወለድ የዜግነት ወረቀት እንዳይሰጠው ይላል። ሲያትል ላይ ጆን ኩገኖር የተባሉ፣ ሬገን የሾሟቸው አረጋዊ ዳኛ፣ በሦስተኛው ቀን ከሕገ መንግሥቱ ጋር በግልጽ የሚጋጭ ነው ብለው አገዱት። እዚሁ ጎረቤታችን ሜሪላንድ ደግሞ ካሳ የተባለው የስደተኞች ድርጅትና ነፍሰ ጡር እናቶች ከሰሱ፤ ዳኛ ዴቦራ ቦርድማን ፌብሩዋሪ 5 ለመላው አገር አገዱላቸው። ጉዳዩ ከትናንት ወዲያ፣ ሐሙስ ሜይ 15፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። በዋናነት የተከራከሩት ግን ትእዛዙ ከሕገ መንግሥቱ ይጋጫል ወይ በሚለው አይደለም፤ አንድ የወረዳ ዳኛ ለመላው አገር ማገድ ይችላል ወይ በሚለው ነው።

ይህ የጠበቆች ነገር ይመስላል። ለእኛ ግን እንዲህ ማለት ነው። ሜሪላንድ ትእዛዙን ከከሰሱት ግዛቶች አንዷ ናት፤ ቨርጂኒያ የለችበትም። እግዱ ለከሳሾች ብቻ ነው ከተባለ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደው ሕፃንና አሌክሳንድሪያ የተወለደው ሕፃን፣ ክርስትና በአንድ ደብር ተነሥተው፣ በመካከላቸው የፖቶማክ ወንዝ ብቻ ኖሮ፣ አንዱ ዜጋ አንዱ ባይተዋር ሊሆኑ ይችላሉ። ያቺ ልጅ የመውለጃዋ ወር ጁላይ ነው። ውሳኔው የሚጠበቀው በጁን መጨረሻ ገደማ ነው። ሜሪላንድ ያለች ጓደኛዋ ቤት ሄዳ ለመውለድ እያሰበች ነው። ዮሴፍና ማርያም ትዝ አሉኝ።

ስለ አገር ቤቱ ብዙ አልጽፍም፤ እናንተም በየቤታችሁ ስልክ ይደርሳችኋል። የእርዳታው መቆም በጃንዋሪ ብቻ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል አሳጥቷል፤ ብዙዎቹ የኤች.አይ.ቪ ሕሙማንን የሚከታተሉ ነበሩ። መድኃኒቱ ጆርጅ ቡሽ በ2003 ባስጀመሩት ፕሮግራም የሚመጣ ነው፤ ሪፐብሊካኑ ቡሽ ማለቴ ነው። ማርች 15 ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ ጋዜጠኞች ከቢሯቸው ወጡ፤ ከ1982 ጀምሮ የምንሰማው የአማርኛው ዝግጅት ጸጥ አለ። ካርቱም ውስጥ አሥራ አንድ ሆነን በአንዲት ሬዲዮ ዙሪያ ቁጭ ብለን የአገራችንን ወሬ የሰማነው በዚያ ድምፅ ነው። ባትሪው እንዳያልቅ ከዜናው በኋላ ወዲያው እናጠፋው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ልመና ነው።

የደብር አስተዳዳሪዎች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የመስጊድ ኮሚቴዎች፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች፤ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ወደ ቤተ እምነት፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሆስፒታል እንዳይገቡ ለዓመታት ይገድብ የነበረው መመሪያ ጃንዋሪ 20 ተሽሯል። ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች ሜሪላንድ ላይ ከሰሱ፤ ከእነሱ ጋር አንዳንድ ባፕቲስቶችና አንድ የሲክ ቤተ መቅደስ ገቡበት፤ ዳኛ ቴዎዶር ቹዋንግ ፌብሩዋሪ 24 እግድ ሰጧቸው። እግዱ ለከሳሾቹ ብቻ ነው። የእኛ ስም በዚያ ክስ ውስጥ የለም። ዘንድሮ በሰሙነ ሕማማት ከጎኔ ይሰግዱ የነበሩ ሦስት ወጣቶች አልመጡም። ለትንሣኤ ቅዳሴም አላየኋቸውም። የታመሙ መስሎኝ ስደውል አንደኛው «ጋሼ፣ በቴሌቪዥን ነው ያስቀደስኩት» አለኝ። ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አሥር ደቂቃ ነው። አባቶቼ፣ ጠበቃ አማክሩ። ዳኛ የፈረመበት ማዘዣና የመሥሪያ ቤት ወረቀት ልዩነታቸው ምን እንደሆነ፣ ምእመኑ የሚገባበትና የማይገባበት ቦታ የቱ እንደሆነ፣ በር ላይ የሚቆመው ሰው ምን ማለት እንዳለበት አሁኑኑ አስተምሩ። ከእሑዶች በአንዱ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹን ለአንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ለሁለት ሰዓት ክፈቱ።

ጊዜያዊ ጥበቃ፣ ቲ.ፒ.ኤስ የምንለው ያላችሁ ቤተሰቦች ያላችሁ፤ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ዲሴምበር 12 ያበቃል። ሕጉ ውሳኔው ቢያንስ 60 ቀን ቀደም ብሎ እንዲነገር ስለሚያዝ ቁርጡ በኦክቶበር አጋማሽ ይታወቃል። አሁን ሜይ ነው። ይታደስ ለማለት የቀረን አምስት ወር ነው። የሄይቲን ወገኖች ጊዜ ፌብሩዋሪ ላይ እንዳሳጠሩባቸው አይታችኋል።

«ኬዜ ተዘግቷል፣ ግን አይመልሱኝም» የሚባለውን ወረቀት ይዛችሁ በየዓመቱ የምትፈርሙ ልጆች፤ ማርች 15 ኤል ሳልቫዶር የተላከው የሜሪላንድ ነዋሪ እጁ ላይ የነበረው እንደዚያ ያለ የዳኛ ትእዛዝ ነው። ወደዚያ አገር እንዳይመለስ በ2019 ተወስኖለት ነበር። መንግሥት ራሱ ስህተት ነው ብሎ ለፍርድ ቤት አምኗል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ኤፕሪል 10 እንዲመለስ አመቻቹ ብሏል፤ እስከዚህች ሰዓት አልተመለሰም። የሜሪላንዱ ሴናተር ክሪስ ቫን ሆለን እስከዚያ ድረስ ሄደው ያዩት ወገኖቹ ስለጮኹ ነው። ለፊርማ ብቻችሁን አትሂዱ። የጠበቃችሁን ስልክ በቃላችሁ ያዙ፤ ስልካችሁ መጀመሪያ ይወሰድባችኋል። ልጅ ያላችሁ፣ ማን ከትምህርት ቤት እንደሚያወጣው አሁን በጽሑፍ ወስኑ። ጃንዋሪ 29 በተፈረመው ሕግ በሱቅ ስርቆት የተያዘ ወረቀት የሌለው ሰው ገና ሳይፈረድበት እስር ቤት ይቆያል፤ በሁለት ዶላር ዕቃ ጠብ ውስጥ አትግቡ።

ዜጎች የሆናችሁ፣ ሰማያዊውን ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጣችሁ፤ የእናንተ ነገር ቀላል ነው። የካፒቶል ስልክ 202-224-3121 ነው። የምትኖሩበትን ከተማ ስትነግሯቸው ወደ ተወካያችሁ ቢሮ ያገናኟችኋል። የሚያነሣው ወጣት ሠራተኛ ነው፤ እንግሊዝኛችን ይሰባበራል ብላችሁ አትፈሩ፤ የእኔም ይሰባበራል፣ በትዕግሥት ይሰሙኛል። ስማችሁን፣ የቤታችሁን ዚፕ ኮድ፣ «የተፈቀደላቸው ስደተኞች ይግቡ፣ የኢትዮጵያ ቲ.ፒ.ኤስ ይራዘም» ማለት ይበቃል። ይመዘግቡታል። ትራምፕን የመረጣችሁ ይልቁንም እናንተ ደውሉ። እናንተን ከእኔ በላይ ይሰሟችኋል፤ «መርጬዎታለሁ፣ ይህን ግን አልመረጥኩም» የሚል ድምፅ በዚህ ወር ከምንም በላይ ይጠቅማል።

አንተም ወንድሜ፣ ለቅሶ ቤት የተናገርከው፤ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። ገዳሪፍ ላይ ወባ ሲይዘኝ በጀርባህ ተሸክመህ ሐኪም ቤት የወሰድከኝ አንተ ነህ። ያን ቀን ወረቀቴን አልጠየቅከኝም። ካኩማ ያለችው ልጅ ሕፃን ሳለች ፎቶዋን አይተህ «አፍንጫዋ የእናትህ ነው» ያልከው አንተ ነህ። ሰኞ ማታ አብረን እንደውልላት። ድምፅህን ትወቀው።

በአናንዴልም ሆነ በስተርሊንግ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ቀጠሮ ኖሯችሁ የሚያደርሳችሁ ሰው ያጣችሁ፣ ወይም ብቻችሁን መግባት የፈራችሁ ካላችሁ፣ ፈረቃዬ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ መኪናዬ ነፃ ናት። ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ንገሩ፤ እነሱ ያገናኙናል። አራት ሰው ትይዛለች። ፍርድ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ቁጭ ብዬ እስክትጨርሱ እጠብቃለሁ።

አክባሪ ወንድማችሁ፣
በ1984 ከካርቱም የመጣ፣ የዳለስ አየር ማረፊያ ሠራተኛ